4,000 ወይስ 400? የመሥሪያ ቤቴን የዊኪፒዲያ ገጽ ሳስተካክል የገጠመኝ

የምሠራው ኢምቤድድ ሲስተም ላይ ነው። ሰው ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ የካርድ ቆጣሪን እጠቅሳለሁ። አዲስ አበባ፣ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቆጣሪ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አለች። የተሞላውን ትቆጥራለች፤ ሲያልቅ መብራቱን ታጠፋለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ኢምቤድድ ሲስተም ማለት እንዲህ ሌላ ዕቃ ውስጥ ገብታ አንድ ሥራ ብቻ የምትሠራ ኮምፒውተር ናት። የእኛ ኩባንያ ደግሞ ለውሃ ፓምፕና ለአሳንሰር የሚሆኑ የመቆጣጠሪያ ቦርዶችን ይሠራል። ያለው አሜሪካ ነው። ትንሽ ኩባንያ ነው። ስሙን አልጠራም።

ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችሁ የምትሠሩበት ወይም ራሳችሁ ያቋቋማችሁት ድርጅት ስላለ ነው። አንድ ቀን "የዊኪፒዲያ ገጻችን ይስተካከል" የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። እኔ ላይ የመጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር።

አለቃዬ ገጹን ከፍቶ አሳየኝ። የዋናው ቢሮ አድራሻ አሮጌ ነው። መሥራት ያቆምነው ምርት አሁንም እንዳለ ተጽፏል። ከታች ደግሞ አንድ አንቀጽ አለ፦ ኩባንያው በአንድ ወቅት የተበላሹ ቦርዶችን ከገበያ መልሶ እንደሰበሰበ የሚናገር። ቁጥሩ 4,000 ይላል። "አድራሻውን አስተካክል፣ ይቺን አንቀጽ አውጣት፣ ስለ እኛም ትንሽ ጥሩ ነገር ጨምርበት" አለኝ። ቀላል ሥራ መሰለኝ።

40 ደቂቃ አልፈጀብኝም። በኩባንያው ስም አካውንት ከፈትኩ። ከራሳችን ዌብሳይት "ስለ እኛ" የሚለውን ኮፒ አድርጌ ለጠፍኩ። የቦርዶቹን አንቀጽ ሰረዝኩ። አድራሻውን ቀየርኩ። ረክቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጠዋት ስከፍተው ሁሉም ወደ ነበረበት ተመልሷል። አድራሻው ሳይቀር። አካውንቴም ታግዷል፤ የድርጅት ስም የተጠቃሚ ስም መሆን ስለማይችል በግል ስም ሌላ ክፈት የሚል መልእክት ተቀምጦልኛል። የለጠፍኩት ጽሑፍ ደግሞ የሌላ ሰው ንብረት ነው ተብሎ ተነስቷል።

ተናደድኩ። ጽሑፉ የራሳችን አይደለም እንዴ? በግል ስሜ አዲስ አካውንት ከፈትኩና ያንኑ መልሼ አስገባሁት። በ20 ደቂቃ ውስጥ ተነሳ። እንደገና ልመልሰው እጄን ስዘረጋ ነው ቆም ያልኩት። እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ላይ አንድ ሰው አንድን ገጽ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ ወደ ራሱ ቅጂ ከመለሰ ሊታገድ ይችላል። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። ያቆመኝ ድካም ነው።

ማታ አንዲት የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ዊኪፒዲያ ላይም ለዓመታት ስታርም ቆይታለች። ጽሑፉን ላክልኝ አለችኝ። ላክሁላት። ስልኩ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነብልኝ ጀመር።

"'በዘርፉ ግንባር ቀደም'... ማን ነው እንዲህ ያለው?"

"እኛ።"

"'በደንበኞቹ ዘንድ የታመነ'... ይሄንንስ?"

"እኛ።"

"ስማኝ ወንድሜ፣ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። ሰዉ ዊኪፒዲያ የሚከፍተው እናንተ ያላችሁትን ፈልጎ አይደለም። እሱን ዌብሳይታችሁ ላይ ያገኘዋል። ሌላ ሰው ስለ እናንተ ያለውን ነው የሚፈልገው።"

ዝም አልኩ። አባባሏ ልክ ነበር። አገር ቤት ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ የገዛ ወንድምህን ምስክር አድርገህ አታቀርብም። እኔ ያቀረብኩት ራሴን ነበር።

የለጠፍኩት ጽሑፍ ለምን እንደተነሳም አስረዳችኝ። ዊኪፒዲያ ላይ የሚገባ ጽሑፍ በነፃ ፈቃድ ነው የሚወጣው። ማንም ሰው ምንጩን እየጠቀሰ ሊወስደው፣ ሊቀይረው፣ ሊሸጠውም ይችላል። የኩባንያችን ዌብሳይት ግርጌ ላይ ደግሞ "መብቱ በሕግ የተጠበቀ" ይላል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ኩባንያው በሕጋዊ መንገድ ፈቃዱን ቢለቅ እንኳ ጽሑፉ ያው ማስታወቂያ ስለሆነ አይቆይም። ስለዚህ በዚህ በኩል ጊዜያችሁን አታጥፉ።

ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። "የራስህን ኩባንያ ለጊዜው ተወው። ምንም የማያገናኝህን አንድ የሙያህን ኩባንያ ምረጥ። ታሪኩን ራስህ ጻፈው፣ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ምንጭ ፈልግለት።" የመረጥኩት ለኢምቤድድ ሲስተም የሚሆን ሶፍትዌር የሚሠራውን ዊንድ ሪቨርን ነው። በእኛ ሙያ ስሙን የማያውቅ የለም። አንዴ ከጻፍኩ ላይቀር ብዬ በአማርኛ ጻፍኩት፣ የራሴ የሙከራ ገጽ ላይ። ከሥራው ሁሉ ብዙ የተማርኩት እዚያ ነው።

መጀመሪያው ቀላል ነበር። ዊንድ ሪቨር እ.ኤ.አ. በ1981 በርክሊ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመሠረተ። መሥራቹ ጄሪ ፊድለር ነው፤ ዴቪድ ዊልነርም አብሮት ነበር። በ1987 ቪኤክስዎርክስ የሚባለውን የኦፐሬቲንግ ሲስተም አወጡ። በ1993 አክሲዮኑ ለሕዝብ ገበያ ቀረበ። በ2009 ኢንቴል በ884 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። በ2018 ለኢንቨስትመንት ኩባንያው ቲፒጂ ተሸጠ።

ቀጥሎ የመኪና ቴክኖሎጂ ኩባንያው አፕቲቭ መጣ፣ ችግሩም አብሮ መጣ። አንዱ ዜና አፕቲቭ ዊንድ ሪቨርን በ4.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛ ይላል። ሌላው 3.5 ቢሊዮን ይላል። ሁለቱም የታመኑ ምንጮች ናቸው። አንዱ የተሳሳተ መስሎኝ ስፈልግ አመሸሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው። 4.3 ቢሊዮን በጃንዋሪ 2022 ስምምነቱ ይፋ ሲደረግ የተነገረው ዋጋ ነው። 3.5 ቢሊዮን ደግሞ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ግዢው ሲጠናቀቅ የተከፈለው ነው። በመሃል ዋጋው ወርዷል። የመጀመሪያውን ዜና ብቻ ያየ ሰው ምንጭ ጠቅሶ ስህተት ይጽፋል። ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ አወጣሁ፦ "ሊገዛ ነው" የሚል ዜና ካገኘሁ "ተገዛ" የሚለውን ሳላይ አልጽፍም።

በአማርኛ ስትጽፉ ደግሞ የቀን አቆጣጠሩ አለ። ይህ ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ገጽ ያበላሻል። ጃንዋሪ 2022 በእኛ ጥር 2014 ነው። ዲሴምበር 2022 ደግሞ ታኅሣሥ 2015። በፈረንጆቹ አንድ ዓመት ውስጥ የሆነው ነገር በእኛ ሁለት ዓመት ላይ ይወድቃል። ምንጩ ወሩን ሳይጠቅስ "በ1981" ብቻ ካለ 1973 ይሁን 1974 ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ወሩን ካላገኛችሁ አትቀይሩት፤ "እ.ኤ.አ." ብላችሁ እንዳለ ተዉት። ስምንት ቀንሶ መጻፍ ግምት ነው። አንዴ ከገባ ደግሞ ሌላው እየገለበጠው ይሄዳል።

የማርስ ታሪክ ሲደርስ ልቤ ሞቀ። መሐንዲስ የሆነ ሁሉ ይወደዋል። ፓዝፋይንደር የተባለችው መንኮራኩር ጁላይ 4 ቀን 1997፣ በእኛ ሰኔ 27 ቀን 1989 ዓ.ም. ማርስ ላይ አረፈች። ኮምፒውተሯ የሚሠራው በቪኤክስዎርክስ ነበር። ካረፈች ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱን እያጠፋ እንደ አዲስ ይነሳ ጀመር። ምክንያቱ በእኛ ቋንቋ ፕራዮሪቲ ኢንቨርዥን የሚባለው ነው። አንድ ቁልፍና ሦስት ሠራተኛ አስቡ። የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስበው ትንሹ ሠራተኛ ቁልፉን ይዟል። ትልቁ ሠራተኛ ያንን ቁልፍ ይጠብቃል። መካከለኛው ቁልፉን አይፈልግም፣ ግን ትንሹን ቀድሞ ሥራውን ያስቆመዋል። ትንሹ ካልጨረሰ ቁልፉን አይለቅም። ትልቁ በሰዓቱ ሳይደርስ ይቀራል። ሥርዓቱ ይህን ሲያይ "ችግር አለ" ብሎ ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ ያስነሳዋል። መፍትሔው ቪኤክስዎርክስ ውስጥ ያለ፣ ግን ተዘግቶ የነበረ አንድ አማራጭ ነበር። ከምድር ተልኮለት ተከፈተ።

ታዲያ ይህን ከየት ጠቅሼ ልጻፍ? ታሪኩ መጀመሪያ በሰፊው የተሰማው የዊንድ ሪቨሩ ዴቪድ ዊልነር በዲሴምበር 1997 አንድ ጉባኤ ላይ ባደረገው ንግግር ነው። ንግግሩን የሰማ ተመራማሪ ጽፎት በኢሜይል ተሰራጨ። ብዙም ሳይቆይ የመንኮራኩሯን ሶፍትዌር ቡድን የመራው ጄፒኤል የተባለው የናሳ ቤተ ሙከራ መሐንዲስ ግሌን ሪቭስ የራሱን ዝርዝር ማብራሪያ ጻፈ። እሱ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነብ ልዩነቱ ታየኝ። አንዱ የሰማውን የጻፈ ነው፣ ሌላው የሠራውን። ለቴክኒኩ ሪቭስን ጠቀስኩ። "የዊንድ ሪቨር ሶፍትዌር ተልዕኮውን አዳነ" ዓይነት ዓረፍተ ነገር ጽፌ ነበር፤ እሱን ሰረዝኩት። የትኛውም ምንጭ እንዲህ አላለኝም። ያልኩት እኔ ነኝ።

ኪውኤንኤክስ ስለሚባለው ሌላ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመጻፍ ስሞክር ያገኘሁትንም ልንገራችሁ፣ ትንሽ ነገር ናት። ኪውኤንኤክስን በ1980 የጀመሩት የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ዳን ዶጅና ጎርደን ቤል ናቸው። ጎርደን ቤል የሚባል ሌላ በጣም ታዋቂ የኮምፒውተር መሐንዲስ ነበር፣ ዴክ የሚባለው ኩባንያ ውስጥ የሠራ። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስሙ ላይ ዝም ብላችሁ ሊንክ ካደረጋችሁ አንባቢው የማይገናኝ ሰው ጋ ይደርሳል። ሊንክ ስታደርጉ ከፍታችሁ እዩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ኩባንያዬ ገጽ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ገጹን አልነካሁትም። አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የራሳችሁ የተጠቃሚ ገጽ ላይ ማን እንደሆናችሁ ትናገራላችሁ። የዊኪፒዲያ የአጠቃቀም ውል ከ2014 ጀምሮ ለክፍያ የሚጽፍ ሰው ቀጣሪውንና ደንበኛውን እንዲገልጽ ያስገድዳል። ደመወዝ የሚከፍላችሁ ድርጅት ጻፉ ካላችሁ እናንተም ከዚያ ውስጥ ናችሁ። ለብቻው ጉርሻ ባይከፈላችሁም። ከዚያ ከገጹ ጀርባ ያለውን የውይይት ገጽ ከፍታችሁ ጥያቄ ታስቀምጣላችሁ። ለዚህ የተዘጋጀ የማስተካከያ ጥያቄ ቅጽ አለ። ሌላ ሰው አይቶ ከተስማማ እሱ ይቀይረዋል።

የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህን ይመስል ነበር፣ በአማርኛ ሳስቀምጠው፦

"የዚህ ኩባንያ ተቀጣሪ ነኝ። አሁን ያለው፦ 'ዋናው ቢሮ እዚህ ከተማ ነው።' ይቀየርልኝ የምለው፦ 'ዋናው ቢሮ እዚያ ከተማ ነው።' ምክንያቱ፦ ቢሮው ተዛውሯል። ምንጩ፦ የአካባቢው ጋዜጣ፣ ቀኑና ርዕሱ ይኸው።"

ይኸው ነው። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ለውጥ፣ አንድ ምንጭ። አሥር ነገር በአንድ ላይ ብታስገቡ ማንም አያነበውም። መልሱን የሚሰጡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ማታ ከሥራ ሲወጡ ነው የሚያዩት። የእኔ 12 ቀን ፈጀ። ተፈቀደ።

ሁለተኛው የቦርዶቹ አንቀጽ ነበር። አለቃዬ አሁንም እንዲወጣ ይፈልጋል። እንደማይወጣ አውቄያለሁ። ጋዜጣ ዘግቦታል፣ እውነትም ነው። ቢሆንም ጥያቄ ከማስገባቴ በፊት የተጠቀሰውን ዜና ከፍቼ አነበብኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ አላነበብኩትም ነበር። ከእኛ ቢሮም ያነበበው አልነበረም። ዜናው የሚለው 400 ቦርድ ነው። ገጹ ላይ የተጻፈው 4,000። አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ሲገለብጥ አንድ ዜሮ ጨምሯል።

ዜሮዋን አሥር ጊዜ ያህል አየኋት። የተናደድንባት አንቀጽ እውነት ነበረች፣ ቁጥሯ ግን አልነበረም። እኛ ደግሞ አንቀጿን ለማጥፋት ስንሯሯጥ ቁጥሯን አላየናትም። ጥያቄውን ጻፍኩ፦ "አንቀጹ ይቆይ። ቁጥሩ ምንጩ ላይ እንዳለው 400 ይሁን።" በማግስቱ ተስተካከለ። ያስተካከለው ሰው "አመሰግናለሁ፣ እኔም ምንጩን አይቼዋለሁ" ብሎ ጻፈልኝ። የመጀመሪያውን ቀን ጽሑፌን ያነሳው ያው ሰው ነበር።

ለአለቃዬ ሁለቱን ገጾች አተምኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። "አንቀጹ አልወጣም። ግን አሁን እውነት ነው" አልኩት። ትንሽ አሰበና "ደንበኛ ቢጠይቀን ይሄኛውን ማስረዳት እንችላለን" አለኝ።

ሦስተኛው ጥያቄ ውድቅ ሆነ። ስላገኘነው ሽልማት ነበር። ምንጭ ያልኩት የሙያ መጽሔት ነው፤ ግን የመጽሔቱ ጽሑፍና የእኛ ጋዜጣዊ መግለጫ ቃል በቃል አንድ ናቸው። መጽሔቱ መግለጫችንን ተቀብሎ ነው ያተመው። ይህ በእኛ ዘርፍ በጣም የተለመደ ነው። ስለዚህ ምንጭ ስታገኙ ጎን ለጎን አድርጉት። ዓረፍተ ነገሩ ከራሳችሁ መግለጫ ጋር ከገጠመ ምስክሩ እናንተው ናችሁ። ጋዜጠኛ ራሱ ጠይቆ የጻፈው፣ ከሌላ ወገን የወጣ መጽሐፍ፣ በሌሎች ባለሙያዎች ተገምግሞ የታተመ ጥናት ይሻላል። የኩባንያው የራሱ ሰነድ ለአድራሻ ወይም ለምሥረታ ዓመት ዓይነት ደረቅ መረጃ ያገለግላል፤ ከዚያ ለሚያልፍ ነገር ግን አይሆንም።

ገጽ የሌላችሁ ሰዎች ትጠይቁኛላችሁ። "እንዴት ይከፈትልን?" እውነቱን ልንገራችሁ። ከእናንተ ጋር የማይገናኙ የተለያዩ የታመኑ ምንጮች ስለ ድርጅታችሁ ሰፋ አድርገው ካልጻፉ ገጹ አይቆምም። ገና ያልተጻፈላችሁ ከሆነ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ረቂቅ ጽፋችሁ ለግምገማ የምታቀርቡበት መንገድ አለ፤ በእሱ ሂዱ። ገንዘብ ከፍላችሁ አትሂዱ። በኢሜይል "የዊኪፒዲያ ገጽ እንከፍትላችኋለን" የሚሉ ብዙ ናቸው። በ2015 እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ 381 አካውንቶችን በአንድ ጊዜ ዘግቷል። ከጀርባው የነበሩት ሰዎች ረቂቃቸው ውድቅ የሆነባቸውን ትንንሽ ድርጅቶችና ግለሰቦች እየፈለጉ ገንዘብ ይጠይቁ ነበር። ገጹ ከወጣ በኋላም "እንጠብቅላችኋለን" ብለው በየወሩ ያስከፍሉ ነበር። በመጨረሻ ገጾቹም ተሰረዙ። የኛ አገር ሰው ሱቅና የትራንስፖርት ድርጅት እየከፈተ ባለበት በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ኢሜይል ሲደርሳችሁ ዝጉት።

አማርኛው ዊኪፒዲያ ላይ መጻፍ የምትፈልጉ ደግሞ ብትጽፉ ደስ ይለኛል። ስለ ኢምቤድድ ሲስተም በአማርኛ የሚነበብ ነገር በጣም ጥቂት ነው። ቃሉን ልተርጉመው ብዬ ብዙ ሞክሬ ነበር። የትኛውም አልተዋጠልኝም። በመጨረሻ "ኢምቤድድ ሲስተም" ብዬ ጻፍኩና ቀጥዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትርጉሙን ሰጠሁ፤ ምሳሌው የካርድ ቆጣሪ ነው። ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። "እና ቆጣሪዋ ውስጥ ኮምፒውተር አለ ነው የምትለኝ?" አለችኝ። ያንን ዓረፍተ ነገር አልነካሁትም።

ትናንት የኩባንያውን ገጽ ከፈትኩ። አድራሻው ልክ ነው። ቁጥሩ 400 ነው። መሥራት ያቆምነው ምርት ግን አሁንም እንዳለ ተጽፏል፤ ማቆማችንን የዘገበ ከእኛ ውጭ የሆነ ምንጭ አላገኘሁም። ጓደኛዬ የሙያ መጽሔቶችን አሮጌ እትሞች ላይብረሪው ውስጥ እንድታይልኝ ጠይቄያታለሁ። ቅዳሜ ትደውልልኛለች።